ቤት የማይመታው አንጓ

«እኔ አላንኮራፋም፣ አልጋው ነው የሚጮኸው፣
ደግሞስ የት ልሂድ? መስኮቱ ለምዶኝ እኮ ነው!»

ፉጨት አክስቷን መስላ የመጨረሻዋን ቃል እንደ ማስቲካ ጎትታ ስትለቃት የሙዚቃ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ የተቀመጡት ጠረጴዛ ደበደቡ። ጊታር የምትመታላት የልብ ጓደኛዋ ቀጮ እንኳ ክሩን ስታ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

ፉጨት እውነተኛ ስሟ አይደለም። አፏን የፈታችው በፉጨት ነው ብለው ቤተሰቦቿ ያወጡላት ቅጽል ስም ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏት መጥቶ ዋናውን ስም ከነጭራሹ አስረሳው።

«ሳቁ ይብቃ!» አሉ የሙዚቃ መምህሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ዘንድሮ ከዚህ ክፍል ብቻ ስንት የተሸረፈ ስኒ እንደሰማሁ ታውቃላችሁ? በየዘፈኑ የተሸረፈ ስኒ! አንዱማ ቤታቸው ስኒ የሚባል ነገር የለም፣ በብርጭቆ ነው የሚጠጡት። እሱም አላፈረም፤ ከየትም አምጥቶ ሸረፈው።»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ስኒው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

የስኒው ባለቤት አንዲት ታዋቂ ዘፋኝ ናት። አድናቂዎቿ «ጎረቤቲቱ» ይሏታል፤ ስትዘፍን መድረክ ላይ የቆመች ሳይሆን አጥር ላይ ተደግፋ የሰፈር ወሬ የምታወራ ትመስላለችና። ከእሷ በፊት ዘፈን ማለት ጨረቃና አበባ ነበር። እሷ የተሸረፈ ስኒ፣ አንድ እግሩ የጠፋ ካልሲና ተውሶ ያልተመለሰ ጃንጥላ ይዛ መጣች። ደግሞ አንድ ሌላ ዘዴ አላት። ሁለት አንጓ ሙሉ የበደላትን ሰው ስትወቅስ ትቆይና ሦስተኛውን አንጓ ለራሱ ለተወቃሹ ትሰጠዋለች። ጃንጥላዋን ወስዶ የቀረው ልጅ በሦስተኛው አንጓ ብቅ ብሎ «ልመልስ ስመጣ ዝናብ አባራ፣ ምን ብዬ በርሽን ላንኳኳ?» ይላል። ያኔ ነው ሰው የሚያለቅሰው።

ፉጨት ጎረቤቲቱን ከመስማቷ በፊት ስለ ባሕር ነበር የምትጽፈው። ባሕር አይታ አታውቅም። የጃንጥላውን ዘፈን በሰማች ሰሞን ግን እንደ አዲስ ቤታቸውን መዞር ጀመረች፤ የማይዘጋውን መሳቢያ፣ አባቷ በሬዲዮው ጀርባ የለጠፉትን ፕላስተር፣ እናቷ ስልክ ሲያወሩ ብቻ የሚያወጡትን ቀጭን ድምፅ። ይሄ ሁሉ ዘፈን ነው ለካ! እንደሷ ያሉ ልጆች በየክፍሉ፣ በየደረጃው ሥር፣ በየአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ሞልተዋል። ሁሉም የቤቱን ዕቃ ይቆጥራል፣ ሁሉም ሦስተኛ አንጓ አለው።

«ያንቺ ስኒ የለበትም» አሉ መምህሩ ወደ እሷ ዞረው። «የሚያንኮራፋ ሰው ነው ያለበት። ይሻላል። ዓርብ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ዝግጅት ላይ ትዘፍኚዋለሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ግን… አክስትሽ እውነት እንዲህ ነው የምታወራው?»

«በግምት ነው፣ መምህር።»

«እህ» አሉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ቀጣዩን ልጅ ጠሩ።

*

አክስቷ የአባቷ ታናሽ እህት ናት። ቤት ውስጥ ሁሉም «እቴቴ» ይሏታል። ተከራይታ ትኖርበት የነበረውን ቤት ባለቤቱ ለሚያገባ ልጁ ፈልጎት «ልቀቂልኝ» ሲላት ሁለት ሻንጣና አንድ ትልቅ መስታወት ተሸክማ መጣች። በሩ ላይ ቆማም «ሁለት ወር ብቻ» አለች። አባት «ምን ሁለት ወር ትያለሽ፣ ግቢ እንጂ!» አሉና መስታወቱን ተቀበሏት። መስታወቱም፣ ሻንጣዎቹም፣ እቴቴም ፉጨት ክፍል ገቡ።

ከዚያ በኋላ ፉጨት የራሷ የምትለው ጥግ አጣች። ቁም ሳጥኑ ተከፈለ። መስኮቱ እቴቴ አልጋ በኩል ሆነ። ማታ ደግሞ ያ ድምፅ አለ፤ ሞተር ሳይክል ዳገት ላይ ሲያቃስት የሚመስል። ፉጨት ትራሷን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ስትገላበጥ ታድራለች። በዚህ ሁኔታ ከዘፈኑ በቀር ሌላ ምን ሊወጣት ይችላል?

«መስኮቱን ወሰደች፣ ግድግዳው ደረሰኝ፣
ስታንኮራፋ አድራ ‹እንዴት አደርሽ?› አለችኝ።»

አዝማቹን ደግሞ አንዴ የሰማው ሰው ከአፉ ማውጣት አይችልም፦

«ግማሽ ክፍል፣ ግማሽ እንቅልፍ፣
ሁለት ወር ያለችው ዓመት ሊያልፍ።»

ይህችን አዝማች የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ይዟታል። ፉጨት ቤት ውስጥ ግን ቃሏን አውጥታ ዘፍናት አታውቅም። እቴቴ ካለች ከንፈሯን ገጥማ ዜማውን ብቻ ታንጎራጉራለች። ዓርብ ስለሚሆነውም አልተጨነቀችም። እቴቴ ዓርብ ዓርብ የማታ ፈረቃ ናት፤ ስለዚህ ከቤት የሚመጡት አባትና እናት ብቻ ናቸው።

*

ማክሰኞ ትምህርት የግማሽ ቀን ነበር። ፉጨት ቤት ስትደርስ እናቷ የምሳ ዕቃ ይዘው በር ላይ ጠበቋት።

«አክስትሽ ረስታው ሄዳለች። ሮጥ ብለሽ አድርሺላት፣ ሳይቀዘቅዝ።»

እቴቴ የምትሠራበት ላውንድሪ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ፉጨት ከዚያ በፊት ከበሩ አልፋ አታውቅም። ዛሬ ከፊት ለፊቱ ልብስ የምትቀበለው ልጅ «ግቢ፣ ውስጥ ናት» አለቻትና የላስቲኩን መጋረጃ ገልጣ ገባች።

መጀመሪያ ያገኛት እንፋሎቱ ነው። ፊቷን እንደ እርጥብ ፎጣ ሸፈናት። ቀጥሎ ነጫጭ አንሶላዎች፣ በማንጠልጠያ የተሰለፉ ሸሚዞች፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ካውያ የያዙ ሰዎች ታዩዋት። ከዚያ ዜማውን ሰማች።

የራሷ ዜማ ነው። የአዝማቹ። ቃል የለውም፤ «ላ ላ ላላ» ብቻ። እቴቴ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ትመራለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ካውያዎቹ በዜማው ምት ይሄዳሉ፣ በዜማው ምት ይመለሳሉ። ሸሚዝ የሚተኩሰው ግዙፍ ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ወፍራም ድምፁን ከሥር ያስገባል፤ እንዲያውም ፉጨት ያላሰበችውን ውብ ነገር ጨምሮበታል።

«ውይ፣ መጣች!» አለች እቴቴ ካውያውን አቁማ። «የዜማዋ ባለቤት ይቺ ናት። የወንድሜ ልጅ!»

«እንዲህ ትንሽ ናት እንዴ?» አለ ግዙፉ ሰውዬ። «እኔ ስንት ዓመት የዘፈነች ነው የመሰለኝ። ቃሉ ምንድን ነው ግን? አክስትሽ ‹ገና ነው፣ ትደብቀኛለች› ብላ እምቢ አለችን።»

ፉጨት የምሳ ዕቃውን እንደያዘች ቀረች።

«ለ… ለዓርብ ነው» አለች።

«ነገርኳችሁ አይደል!» አለች እቴቴ። ወደ ፉጨት ጠጋ ብላ ምሳ ዕቃውን ተቀበለቻት፤ እጇ በጣም ይሞቃል። «እናትሽ እንዳትነግሪያት ብላኛለች፣ ግን አልቻልኩም። ዓርብ ፈረቃ ቀይሬያለሁ። ከሁሉ በፊት መጥቼ የፊት ወንበር ነው የምይዘው!»

*

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ቀጮ በማግስቱ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዳቦ እየተካፈሉ ነው። «ትስቃለቻ! ሰው ሁሉ ስቋል።»

«ሰው ሁሉ አክስቴ አይደለም።»

«ጎረቤቲቱስ? የዘፈነችባቸው ሰዎች የሉም እንዴ በሕይወት? ልጁ ጃንጥላውን እንደያዘ የሆነ ቦታ አለ እኮ።»

ፉጨት ዳቦዋን አገላበጠች። አንድ ቀን ጎረቤቲቱ በሬዲዮ ስትጠየቅ ሰምታለች። ጋዜጠኛው «በሦስተኛው አንጓ የሚናገሩት ሰዎች እውነት ያሉትን ነው የምትጽፊው?» ሲላት ሳቀችና «እገምትላቸዋለሁ» አለች። ያኔ ፉጨት መልሱን ወዳው ነበር። ዛሬ ግን ያ የእንፋሎት ክፍል፣ ያ ሁሉ ሰው የእሷን ዜማ ሲያንጎራጉር፣ እቴቴ አገጯን ቀና አድርጋ ስትመራ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

«ሌላ ዘፈን እንዝፈን?» አለች።

«በናትሽ አታብጂ! ሁለት ቀን ነው የቀረን። የባሕሩን ልትዘፍኚ ነው?»

የባሕሩን መዝፈን ሲያስቡት ሁለቱም ፊታቸውን አኮሳተሩ።

*

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እቴቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ታጣምራለች። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን ይዛዋለች። ፉጨት ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩን ዘጋች።

«እቴቴ፣ የዓርቡን ዘፈን ላሰማሽ።»

«ነገ አይደል እንዴ? አስቀድሜ ከሰማሁትማ ምኑን ተገረምኩት!»

«አይ፣ አሁን ብትሰሚው ይሻላል። ስለ… ስለ አንቺ ነው።»

እቴቴ ካልሲውን አስቀመጠች። ፊቷ በራ። ፉጨት ያንን ፊት ስታይ ወደ ኋላ ልትል ምንም አልቀራትም፤ ግን ጀመረች። ያለ ጊታር ድምጿ ቀጠነ። መስኮቱ ጋ ስትደርስ እቴቴ ቅንድቧን አነሳች። «እንዴት አደርሽ» ጋ ስትደርስ ወደ ኋላ ተንጋላ ሳቀች፤ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። ፉጨት ልቧ ትንሽ ረጋ አለ። ከዚያ አዝማቹ መጣ።

«ሁለት ወር ያለችው ዓመት ሊያልፍ…»

ሳቁ በአንዴ አልጠፋም። እንደ ሻማ አነሰ፣ አነሰ፣ ከዚያ ከንፈሯ ላይ ብቻ ቀረ። እቴቴ አንዱን ካልሲ አንስታ ጓደኛውን መፈለግ ጀመረች። ፉጨት ሦስተኛውን አንጓ ያንን የተጎተተ ድምፅ ትታ እንደ ተራ ነገር አለችው። ያለ ድምፁ ምንም አያስቅም።

«ይሄ የመጨረሻው… እኔ ነኝ የማወራው?» አለች እቴቴ።

«አዎ። በግምት ነው።»

«እኔ እንዲህ አልልም።»

«አውቃለሁ።» ፉጨት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ይቅርታ፣ እቴቴ። ነገ አልዘፍነውም፣ እተወዋለሁ።»

«ማን ተይው አለሽ? ሁለት ወር ብያለሁ፤ ብያለሁ። በሰው ፊት ነው ያልኩት።» እቴቴ ካልሲዎቹን ጠቅልላ ወደ ሻንጣው ወረወረቻቸው። «ግን ካወራሁ አይቀር በራሴ አፍ ላውራ።»

«እሺ፣ ምን ትያለሽ?»

«አሁን? እንዲህ በድንገት?»

«በድንገት።»

እቴቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ፉጨት ጠበቀች፤ ያን ያህል ጊዜ ሌላ ሰው እንዲናገር ጠብቃ አታውቅም።

«ሁለት ወር ስል እውነቴን ነበር» አለች እቴቴ በመጨረሻ። «ቤት ሳላይ ቀርቼ አይደለም። በየዕረፍቴ አያለሁ። አንዱ በሩ አይዘጋም። አንዱ ጣሪያው ያፈሳል። አንዷ አከራይ ደግሞ ‹እንግዳ አይመጣም፣ ሬዲዮ አይከፈትም› አለችኝ፤ እስር ቤት ነው እንዴ የምከራየው ልላት ነበር።» ፈገግ አለች። «ማንኮራፋቱን አላውቅም። ታንኮራፊያለሽ ካላችሁኝ እሺ፣ ልቀበል። አንቺ ግን በእንቅልፍሽ ታወሪያለሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ። እኔ ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ ጠቅጥቄ ነው የምተኛው።»

«ምን… ምን እላለሁ?»

«‹በረኛው፣ በረኛው› ትያለሽ። መጀመሪያ ኳስ የምታልሚ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳዳምጥ ለካ በረኛው ዓይኑ ያምራል።»

ፉጨት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ጆሮዋ ድረስ ጋለ። በረኛው የትምህርት ቤቱ ቡድን በረኛ ነው፤ ለቀጮ እንኳ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

«ለማን ነገርሽ?» አለች በጣቶቿ መሃል።

«ለማንም።»

«ለእማዬ?»

«ለማንም አልኩሽ እኮ። አብሮ የሚያድር ሰው የሰማውን ሁሉ ያወራል እንዴ?» እቴቴ ይህን ያለችው ለመንካት ብላ አልነበረም። እንዲሁ ነው ያለችው፤ ከዚያ ተነስታ የቀሩትን ልብሶች መደርደር ጀመረች።

*

«ቤት አይመታም!» አለች ቀጮ። ዓርብ ነው፤ ከመድረኩ ጀርባ፣ በተደራረቡ ወንበሮች መሃል ቆመዋል። ከመጋረጃው ወዲያ አዳራሹ ይንጫጫል። «ሦስተኛው አንጓ ምኑም ቤት አይመታም። ጎረቤቲቱ እንዲህ ጽፋ አታውቅም።»

«ቤት ባይመታ ምን አለበት? እሷም ቤት አላገኘችም።»

ቀጮ ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም። «ደግሞ የመጨረሻው መስመር! በእንቅልፌ አወራለሁ ብለሽ በሰው ሁሉ ፊት? ሙድ ይይዙብሻል እኮ። ዓመቱን ሙሉ ‹ምን አልሽ? ማንን ጠራሽ?› ነው የሚሉሽ። የቀድሞውን በይና እንገላገል።»

ፉጨት መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። ፊት ወንበር ላይ እቴቴ የምትወደውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። አባትና እናት ከግራና ከቀኝ። ሦስት ወንበር ወደ ኋላ የኳስ ቡድኑ ልጆች ተኮልኩለዋል፤ በረኛውም አለ፤ በዚያ ረጅም አንገቱ የኋለኛውን ሰው ጋርዷል።

«ሦስተኛው አንጓ ላይ ጊታሩን ቀንሽው» አለች ፉጨት። «አንድ ክር ብቻ።»

ወጡ። የመጀመሪያው አንጓ አዳራሹን አሳቀው፤ አዝማቹ ላይ ልጆቹ አብረው ጮኹ። ፉጨት እቴቴን ላለማየት ወደ ኋላ ግድግዳ አየች። ሁለተኛው አንጓ አለፈ። በሙዚቃ ክፍሉ የነበሩት ልጆች ያንን የተጎተተ ድምፅ ሊሰሙ ተዘጋጅተው ከአሁኑ መሳቅ ጀምረዋል። ቀጮ ጊታሩን ቀነሰችው። ፉጨት አልዘፈነችም፤ ተናገረችው፦

«ሁለት ወር ስል እውነቴን ነበር።
ቤት አይቻለሁ፤ በሩ የማይዘጋ አይቻለሁ፣ ጣሪያው የሚያፈስ አይቻለሁ።
ታንኮራፊያለሽ ካላችሁኝ፣ እሺ።
እሷ ግን በእንቅልፏ ታወራለች።
ምን እንደምትል ለማንም አልተናገርኩም።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ «ምንድን ነው የምትለው?» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። በረኛውም ሳቀ። ፉጨት ጆሮዋ ጋለ፣ ፊቷ ጋለ። አዝማቹን ግን ለመጨረሻ ጊዜ አነሳች። አሁን ወደ ፊት ወንበር አየች። እቴቴ በመሐረቧ አፏን ሸፍናለች፤ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አይቻልም። ጭንቅላቷ ግን በዜማው ምት ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ዝግጅቱ አልቆ ወንበር ሲሰበሰብ መምህሩ በአጠገቧ አለፉ። «ግምቱን ተውሽው» አሉ። መነጽራቸው እንደተለመደው ግንባራቸው ላይ ነው። መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

*

ወደ ቤት ሲመለሱ አባትና እናት ቀደም ብለው ይሄዳሉ፤ ፉጨትና እቴቴ ከኋላ። ሱቆቹ ገና አልተዘጉም፤ ብርሃናቸው መንገዱ ላይ ተዘርግቷል።

«በሩ የማይዘጋውን ቤት ጨመርሽው» አለች እቴቴ።

«ከፋሽ?»

«ምን ይከፋኛል! ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ ‹ቤት የምትፈልጊው አንቺ ነሽ ወይ?› ብላ የእህቷን ቤት ነገረችኝ። ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነው አለች። እሁድ ሂጂና እይው ብላኛለች።»

ፉጨት እርምጃዋን ቀነሰች። መስኮቱ የእሷ ሊሆን ነው። ቁም ሳጥኑም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ግን ከደስታው ጎን ሌላ ነገር ነበር፤ ስሙን ገና አላወቀችውም፤ ለመገመትም አልቸኮለችም።

«ሩቅ ነው?» አለች።

«አላወቅኩም።»

«ሩቅ ከሆነ እኔ አልወደውም።»

«ማን ጠየቀሽ!» አለች እቴቴ እየሳቀች፤ በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት።

እሁድ ከቀጮ ጋር ልምምድ አላቸው። ፉጨት ስልኳን አወጣችና እየሄደች «እሁድ ልምምድ ይቅር፣ እቴቴ ቤት ልታይ ነው» ብላ ጻፈች። ከመላኳ በፊት ቆም ብላ አነበበችው። አጠፋችው። «እሁድ ልምምድ ይቅር፣ ከእቴቴ ጋር ቤት ልናይ ነው» ብላ ጻፈችና ላከችው።